የተቆለፈው ሽንት ቤት ምርቃት

እኛ ሰዎች ምርቃት እንወዳለን። አዲስ ልብስ የለበሰ ሰው ስናገኝ «በጤና ልበሰው» ሳንል አናልፍም። ቤት የሠራ ሰው ሽማግሌ ሳያስመርቅ ከገባበት ደግሞ፣ ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር ጎረቤቱ «ድሮስ መች አስመረቀና!» ይለዋል። ደግ ልማድ ነው፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር የሚበላሸው ምርቃቱ ከሽማግሌ እጅ ወጥቶ ሹም እጅ የገባ ዕለት ነው። ሽማግሌ ጎረቤት ስለሆነ ሲጠሩት ይመጣል፤ ሹም ግን ሥራ ይበዛበታል። ስለዚህ ድልድዩ ተሠርቶ አልቆ፣ ሪባኑ እስኪቆረጥ ድረስ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ በወንዙ ውስጥ ይሻገራል። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር አልደረሰም አትሉኝም። የእኛን ለየት የሚያደርገው፣ ቆልፈን ሹም የጠበቅንበት ነገር ድልድይ አለመሆኑ ነው። ሽንት ቤት ነበር።

ለጨዋ ጆሮ የማይመች ወሬ መሆኑን አውቃለሁ። ምሳ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እጠብቃችኋለሁ።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ አደባባይ ቁልቁል በምትወርድ ጠባብ መንገድ ዳር ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ተጋርቶ፣ ውሃ ከአንድ ጉድጓድ እየቀዳ ይኖራል። ለዚያኛው ጉዳይ ደግሞ፣ መቼም ገብቷችኋል፣ ሁላችንም ከቤቶቹ ጀርባ ወዳለው ጥግ ብቅ እንል ነበር። በጋውን ፀሐይ እያደረቀ ይሸፍንልናል። ክረምት ሲገባ ግን ተቅማጥ አብሮ ይገባና ሕፃናት ይወስዳል። የእኔንም የበኩር ልጅ ወስዶብኛል። በዓመቱ ሴት ልጅ ስንወልድ ሚስቴ አስካለ «ምትኬ» ብላ ስም አወጣችላት፤ ስሙን ግን ደፍራ ጮክ ብላ አትጠራውም ነበር። አንድ ክረምት ትለፍልኝ፣ ከዚያ እጠራታለሁ ትል ነበር።

በዚያ በጋ ነው አቶ ስዩም የሚባሉ የጤና ጥበቃ ሰው ወደ ሰፈራችን የመጡት። በዕድሜ ታናሼ ናቸው፤ አንተ እንዳልላቸው ግን ልጄ ትይዘኛለች። ጥጉን አዩ፣ ጉድጓዱን አዩ፣ ከዚያ አንድ ጣሳ ውሃ አስመጥተው ከጥጉ ላይ አፈሰሱት። ውሃው ቁልቁል እየተጥመለመለ ሄዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። አስካለ ምትኬን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ቤት ስትገባ አየኋት።

«ክረምት ሳይገባ ሽንት ቤት ትሠራላችሁ። እዚህ ጥግ የተገኘ ሰው ደግሞ መቀጫ ይከፍላል» አሉ አቶ ስዩም። ጥጉን በእሾህ አሳጥረው፣ ክልክል መሆኑን በቀይ ቀለም ያስጻፉበት ቆርቆሮ ሰቅለው፣ ለሥራ ወደ ገጠር ወረዱ።

እኛም ሠራን። እንዴት ያለ ሽንት ቤት መሰላችሁ! ቦታውን ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ሙሜ ከግቢያቸው ቆርሰው ሰጡ። ወለሉን በሲሚንቶ ለሰንነው። ሐጂ ሙሜ ቤታቸውን ለአረፋ ሊቀቡበት ያስቀመጡትን ኖራ አውጥተው ውጭውን አስነጡት፤ ውስጡ አረንጓዴ ተቀባ። ከእኛ ከክርስቲያኖቹ ወገን የሰፈሩ እናት የሆኑት እትዬ ድንቄ በየማለዳው ይጠርጉታል። ሳሎኔን ከሱ ጋር ሳስተያየው አፈርኩ።

ነገር የመጣው ካለቀ በኋላ ነው። «ይህን የመሰለ በመንግሥት ትእዛዝ የተሠራ ነገር ሳይመረቅ እንዴት ይገባበታል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አይታወቅም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ አባት የለውም። ሁሉም ግን እውነት ነው አለ። ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽማግሌ ተላከ። «ይታያል» ተባለ። ይታያል ማለት ደግሞ እምቢ ማለት ስላልሆነ መጠበቅ ጀመርን። እስከዚያው ማንም እንዳያቆሽሸው ትልቅ ቁልፍ ተገዝቶ በሩ ተከረቸመ፤ መክፈቻውን እትዬ ድንቄ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሰፈሩ የእሾሁን አጥር በስተጎን ገለጥ አድርጎ ወደ ጥንቱ ጥግ ተመለሰ።

ሰኔ ገባ። ከከተማው በላይ ከቆመው ከሐኪም ጋራ ወዲያ ሰማዩ ይጠቁር ጀመር። ምትኬም መዳህ ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ትወስዳለች። አስካለ አንድ ቀን ከእትዬ ድንቄ ፊት ቆማ፣

«ሹሙ እስኪመጣ ልጄ ትሙት?» አለች።

«ኧረ በስመ አብ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ልጄ። ሰው ልከናል እኮ» አሏት፤ ነጠላቸውን ግን ጠበቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። አስካለ ስታምጥ እጇን ይዘው ያደሩት እሳቸው ናቸው። ክብር ያለው ነገር ክብሩን እንዲያገኝ ነበር የፈለጉት።

አቶ ስዩም ከገጠር ተመልሰው የመጡት በዚሁ ሰሞን ነው። በዚያ ቀን እትዬ ድንቄ ሐኪም ጋራ ሥር ወዳለ ለቅሶ ቤት ሄደዋል። ሰውን መንገድ ላይ አቁሞ በባዶ ሆድ መሸኘት በሐረር ነውር ነውና፣ ሐጂ ሙሜ አስገብተው በቡና ገለባና በወተት የተፈላ ሆጃ ደጋገሙላቸው። ከዚያ እኛ ቤት እርጎ ቀረበ፤ እምቢ ቢሉ አስካለ ትቀየማለች። ቀጥሎ ያለው ቤት ኮክ አቀረበ፤ ኮኩ ገና ጥሬ ነበር። ሁሉንም በምስጋና ዋጡ። ከዚያ ሽንት ቤቱን ለማየት ወጣን።

ሲያዩት ፊታቸው በራ። «እኔ እንዲህ ያለ ንጹሕ አይቼ አላውቅም! ዝንብ የለ፣ ሽታ የለ…» ሲሉ ቆይተው ቁልፉን አዩት።

«ማነው የሚጠቀምበት?»

«እስካሁን ማንም ጣቱን አላሳረፈበትም!» አሉ ሐጂ ሙሜ ደረታቸውን ነፍተው። «ሹም መጥቶ እስኪመርቀው እየጠበቅን ነው።»

አቶ ስዩም ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ከአፋቸው ቃል ሳይወጣ ሆዳቸው ተናገረ። ሁላችንም ሰማነው፤ ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን። ግንባራቸው ላብ አወጣ። ሆጃው፣ እርጎውና ጥሬው ኮክ ሳይስማሙ ቀርተው ነበር።

«መክፈቻው የት ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

«ሐኪም ጋራ» አልኳቸው።

ወደ ጥንቱ ጥግ ዞር አሉ። እሾሁ አለ። በላዩም የራሳቸው ቆርቆሮ፣ በራሳቸው ቀይ ቀለም፣ ክልክል መሆኑን ይናገራል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ሲባል የሰማሁት ብዙ ጊዜ ነው፤ ሲሰፈሩ ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። አንዱ ጋሪ ይላክ አለ። ሌላው ለቀስተኛው ምሳ ሳይበላ አይነሣም አለ። አቶ ስዩም ግድግዳውን ይዘው፣

«ሐጂ፣ እባክዎን…» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ሐጂ ሙሜ ወደ ቤታቸው ገብተው ዲጅኖ ይዘው ወጡ። «ጌታዬ፣ እርስዎ የመንግሥት ሰው አይደሉም?»

«ነኝ! ነኝ!»

«ከመንግሥት የተላኩ?»

«አዎ፣ ሐጂ!»

«እንግዲያ ከእርስዎ የበለጠ ምን ሹም አለ? ቢስሚላህ!» ብለው ዲጅኖውን ሲያሳርፉበት ቁልፉ ከነማቀፊያው ወለቀ። አቶ ስዩም ገቡ።

እኛም በክብር ቆመን ጠበቅን። ምን እናድርግ? ምርቃት ላይ ሰው ጥሎ አይሄድም። ዘለግ ካለ ጊዜ በኋላ በሩ ተከፍቶ ብቅ ሲሉ፣ የጀመረችው አስካለ ናት፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ሐጂ ሙሜ እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ፣ አላህ በጤና የምትገለገሉበት ያድርገው» ብለው መረቁ፤ እኛም አሜን አልን። አቶ ስዩም አንገታቸውን ደፍተው ሰፈሩን ለቀው ሲሄዱ እልልታው እስከ ፈረስ መጋላ ሸኛቸው። ገና መንገዱን ሳይጨርሱ ሰው ተሰልፎ ነበር።

እትዬ ድንቄ ከለቅሶ ሲመለሱ ተቀየሙ። ለቁልፉ እንዳይመስላችሁ። «እኔ ሳልኖር እንዴት ይመረቃል?» ብለው ነው። በማግስቱ ጥርጊያቸውን ቀጠሉ።

ያ ክረምት ዘነበ። አምላኬ፣ እንዴት ዘነበ! አስካለ ሌሊቱን የልጅቷን ግንባር ስትዳስስ ታድራለች። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። በዕንቁጣጣሽ ጠዋት አስካለ ደጃፍ ላይ ቆማ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ «ምትኬ!» ብላ ጠራች። ልጅቷ የተጠራችው እዚያው እግሯ ሥር ቆማ ነው። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ?

አቶ ስዩም ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሲዛወሩ ሰፈሩ መሸኛ አዘጋጀ። ሐጂ ሙሜ ተነሥተው በሩ ላይ ስማቸው የተቀረጸበት እብነ በረድ እንዲቆም፣ «በአቶ ስዩም ተመርቆ ተከፈተ» እንዲባል አሳሰቡ። አቶ ስዩም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ሐጂ፣ በነቢዩ ይዤዎታለሁ፣ ይቅርብኝ!» ብለው ለመኑ። በልመናቸው ብዛት እብነ በረዱ ቀረ። ከተማችን ውስጥ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ ሞልቷል፤ በአጠገቡ ሳልፍ አንዱም ምንም አይለኝም። የአቶ ስዩም ድንጋይ የለም። ምትኬ ግን አለች፤ ዘንድሮ ትምህርቷን ጨርሳ አስተማሪ ልትሆን ነው። እግዜር ይስጣቸው፤ ያሉበት ቦታ ሆዳቸውን ደህና ያድርግላቸው።

ትናንት ከእሷ ጋር ወደ አቦከር ሰፈር ስንሄድ አዲስ የውሃ ቦኖ ተሠርቶ አየን። ሴቶች ባዶ እንስራ አዝለው በአጠገቡ ያልፋሉ። ቦኖው በሰንሰለት ተቆልፏል።

«አባዬ፣ ምን ሆኖ ነው የተዘጋው?» አለችኝ።

«የሚመርቀው ሹም እየተጠበቀ ነው» አልኳት። እሷም እንደ እናቷ ትኩር ብላ አየችኝ።

ወደ ቤት አልተመለስኩም። ዛሬ ዛሬ በከዘራ የሚሄዱት ሐጂ ሙሜ ቤት ጎራ ብዬ፣ ሰላምታውን ካደረስኩ በኋላ፣ ያቺ ዲጅኖ እስካሁን ትኖር እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አለች» አሉኝ። «ማነው ደግሞ የጨነቀው?»