የባላባቱ ሽልማት

በትወና ማን ይሸለም የሚል ክርክር ሰልችቶኛል፤ እናንተንስ? ጉለሌ ውስጥ የቀበሌ ድራማዎች ሲወዳደሩ፣ ሸማኔው ጎረቤቴ በየነ ባላባት ሆኖ መድረክ ወጣ። ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ እማማ ዘነቡ "ጌታዬ" ብለው ከመቀመጫቸው ተነስተው እጅ ነሱ። ሽልማቱ ግን ወዛደር ሆኖ ወጥቶ ቃሉ ጠፍቶት ለተገተረው ተሰጠ። ጨቋኝ እንዴት ይሸለማል?

ይባስ ብሎ የቀበሌው ሊቀመንበር በማግስቱ በየነን ቢሮ አስጠሩት። አብሬው ገባሁ።

"ይሄን ሁሉ ጌትነት ከማን ተማርከው?"

"ከድሮ ባላባቶች ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ስንወጣ "ለመሆኑ ባላባት ታውቃለህ?" አልኩት።

"ኧረ የት አውቄ! ስብሰባ ላይ እሳቸውን እያየሁ ነው እንጂ።"

በቃ፣ ሽልማት የሚገባው ትወና ቢሮ ውስጥ ያየሁት ነበር። ላጨበጭብለት አሰብኩ፤ ምን ያደርጋል፣ እጄ በስብሰባ ዝሏል።