አንድ ጎማ አየር ላይ፣ አፌ ግን «ደህና ነን»

ጓዶች፣ ዛሬ በገዛ አፌ ራሴን ከሥራ አባረርኩ። ገና ሳልቀጠር!

የምትጠጡትን አስቀምጡ፣ ትን እንዳይላችሁ።

ባለፈው ስለ ይሉኝታ የለቀቅኩትን ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ? «የወላጆቻችን በሽታ» እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ? «እኛ ጆበርግ ያደግን ልጆች ስንፈልግ የስ፣ ሳንፈልግ ኖ ነው የምንለው!» ያልኩትን?

ስንቶቻችሁ ሼር አደረጋችሁት!

እባካችሁ ዲሊት አድርጉልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቁት በቱሪዝም ተመርቄያለሁ። ጋውን ለብሼ ፎቶ ያልተነሳሁበት ግድግዳ የለም። ሥራ ግን የለም። ጆበርግ ውስጥ ሲቪዬ ያልደረሰው ቀብር አስፈጻሚ ቤት ብቻ ነው።

በመጨረሻ ቱሪስቶችን በፎር ባይ ፎር ተራራ የሚያወጣ አንድ ድርጅት መለሰልኝ። ባለቤቱ ያኮ የሚባል የስልክ እንጨት የሚያህል ነጭ አፍሪካነር ነው። «ቅዳሜ ማጋሊስበርግ እንወጣለን። መኪና ይዘሽ ከኋላችን ነይና አነዳድሽን ልየው» አለኝ።

ሹፌርም ጋይድም! ህልሜ!

አጎቴ ጋሽ ደሳለኝ ሲሰማ አላጨበጨበም። «ትዕግስት፣ ካለፍሽ እሰየው። ካላለፍሽ ሰኞ ቮስሎሩስ ያለው ሱቄ ትገቢያለሽ።»

(አዎ፣ ስሜ ትዕግስት ነው። አትሳቁ።)

ሱቅ ማለት ያው ስፓዛው ነው። ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና ኤርታይም በቀዳዳ ማቀበል። አልንቀውም፣ ያሳደገኝ እሱ ነው። ግን ጋውኑን ለዚህ ነው የለበስኩት?

መኪናውስ ከየት መጣ? የጋሼ ባኪ፣ ፒክአፑ ናት።

ስለዚች ባኪ ልንገራችሁ። ጋሼ ከሚስቱ እኩል ይወዳታል። (እትዬ አስቴር «እኩል?» ብላ ትስቃለች።) ሰስፔንሽኗን ከፍ አስደርጓል። ጎማዋ ወገቤ ጋ ይደርሳል። ጣሪያዋ ላይ ስታዲየም የሚያበራ መብራት፣ ጎኗ ላይ ወንዝ ስትሻገር የምትተነፍስበት ስኖርከል፣ አፍንጫዋ ላይ ደግሞ ከጉድጓድ ራሷን የምትጎትትበት ዊንች። የኋላ መስታወቷ ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው»።

የተሻገረችው ወንዝ? የለም! ሥራዋ ከጀፕ ጅምላ ሱቆች ለስላሳና ብስኩት ጭና ቮስሎሩስ መመላለስ ነው። የወጣችው ትልቁ ተራራ የሞል ፓርኪንግ ነው።

የጆበርግ ወንዶች፣ ስኖርከል አስገጥማችሁ ካርዋሽ የምትሰለፉ፣ አይቻችኋለሁ!

ብቻዬን ልሂድ ስል ጋሼ «መኪናዬን? ብቻሽን? ተራራ?» ብሎ ጋቢና ተቀመጠ። እትዬ አስቴር ደግሞ «ሰው ባዶ እጁን መንገድ ይወጣል እንዴ?» ብላ ክትፎና ቆጮ ታቅፋ ከኋላ ገባች።

ለሥራ ፈተና ከነቤተሰቤ ሄድኩ። አስቡት።

ደረስን። ያኮ የእጅ ሬድዮ ሰጠኝና ቀደመ። መንገዱ መንገድ አይደለም፣ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ ነው። ሎው ሬንጅ፣ የዳገት ማርሹን አስገባሁና፣ አትቅኑብኝ፣ ነዳሁት! ቀስ እያልኩ፣ ጎማዬን ድንጋይ እያስመረጥኩ። ጋሼ ከጎኔ አንዴ ይጸልያል፣ አንዴ ይጮኻል። «ቀለሙን! ኧረ ቀለሙን!»

ከዚያ ያቺ ጉብታ መጣች።

የፊት ግራ ጎማ አየር ላይ። የኋላ ቀኝ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ። ባኪዋ ሊሸና እግሩን እንዳነሳ ውሻ ሆና ቀረች። ነዳጅ ስሰጣት ጎማዋ አየሩን ይፈጫል፣ እኛ ንቅንቅ የለም።

«ጋሼ፣ ዊንቹን እንጠቀም!»

ጋሼ ዳሽቦርዱን በእጅጌው መጥረግ ጀመረ።

«ጋሼ?»

«እሱ… ገመዱ አልተገናኘም። ለውበት ነው።»

ለውበት!!

ሬድዮው ተንኮሻኮሸ። ያኮ ነው። «ከኋላ ያላችሁት፣ ደህና ናችሁ? መጥቼ ልጎትታችሁ?»

አሁን ልብ በሉ። መልሱ አንድ ቃል ነው። የስ። በቃ። ያ ሁሉ ቪዲዮ የተሠራበት ቃል!

አፌ ምን አለ መሰላችሁ?

«ኖ ኖ! ደህና ነን! ታንክ ዩ! አትቸገር!»

ድምፄ ራሱ ቀጠነ። እናቴ ሰው ቤት ሄዳ ሻይ ሲቀርብላት የምታወጣው ድምፅ ነው።

«ሻርፕ» አለ ያኮ፣ እሺ ማለቱ ነው። ሄደ። አቧራው ብቻ ቀረ።

ጋሼ ግን ምንም አልመሰለውም። ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረገና «ጥሩ መለስሽ፣ ጨዋ ልጅ ነሽ። አሁን ደግሞ ይጠይቃል» አለኝ።

ጠበቅን።

እኔም እኮ ጠበቅኩ! ዲግሪ ያላት ሴት ሬድዮ አቅፋ ከአፍሪካነር ሁለተኛውን «ኧረ በሞቴ» ትጠብቃለች!

በመሃል ከኋላችን ሌላ መኪና መጣ። የምትነዳው ሴትዮ መስኮቷን አውርዳ «ገመድ አለኝ፣ ልርዳችሁ?» አለች። ተመስገን! አፌን ልከፍት ስል ጋሼ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«ጉድ! ጉድ! ጎድ ብለስ ዩ!»

አውራ ጣቱን ቀስሮ! ሴትዮዋም አውራ ጣቷን ቀሰረችለትና በጎን አልፋን ሄደች።

«ጋሼ! ለምን?!»

«አንቺስ ለምን?»

ሬድዮውን መልሼ አቀፍኩት።

ፀሐይዋ ጠነከረች። የክትፎው ሽታ መኪናውን ሞላው። እትዬ አስቴር በቃት። ሬድዮውን ከእጄ መንጭቃ ወሰደች። እንግሊዝኛዋ ከ«ሃው ማች» አያልፍም፣ ዙሉዋ ግን የስፓዛ ዙሉ ነው፣ ይሰማል።

«ሲዛ ባባ! እርዳን! ሲዛ! ክትፎው ሊበላሽብኝ ነው!»

ያኮ መጣ። አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር! ገመድ አሰረ፣ ጎተተን፣ ወጣን። የባኪዋ ጎን ቋጥኙ ላይ ክርርር ሲል ጋሼ ዓይኑን ጨፍኖ «ጌታ ሆይ» አለ።

ጫፍ ላይ ስንደርስ እትዬ አስቴር ምግቧን ዘረጋች። ያኮን «ብላ» አለችው።

«ኖ ታንክስ፣ በልቻለሁ።»

አልሰማችውም። «ብላ!»

«ሪሊ፣ እኔ…»

ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው።

ፊቱ በሚጥሚጣ እንደ ትራፊክ መብራት ቀላ። ከዚያ ራሱ አንስቶ ደገመ!

አፉን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ። «እዚያች ቦታ እኔም ተይዤ አውቃለሁ። አነዳድሽ ጥሩ ነው። ግን ተራራ ላይ እርዳታ ሲያስፈልግሽ ያስፈልገኛል በይ፣ እሺ?»

«እሺ» አልኩ። ሀፍረቴ ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

«ሰኞ ሥራ መጀመር ትፈልጊያለሽ?»

ሰኞ! ልቤ ልትወጣ ደረሰች!

እናም ጓዶች፣ እመኑኝ፣ የመለስኩት እኔ አይደለሁም። ውስጤ የተቀመጠች አንዲት የወላጆቼ አገር፣ የሆሳዕና ከተማ ሴትዮ ናት። መሬት መሬት እያየች፣ የቀሚሷን ጫፍ እየጠቀለለች። እኔ እኮ ጂንስ ነው የለበስኩት!

«ኧረ አይ… እንዳላስቸግራችሁ… ሌላ ሰው ካላችሁም…»

«ኦ። ሻርፕ፣ ኖ ስትረስ» አለኝ።

መኪናው ውስጥ ገባ። ሄደ።

ጋሼ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አይዞሽ። ደግሞ ይጠይቃል።»

አሁን ሮዘተንቪል ሰፈር ቤታችን ነኝ፣ አልጋዬ ላይ ተዘርሬያለሁ። ለያኮ «ሰኞ እመጣለሁ» ብዬ ቴክስት ጽፌያለሁ። ሁለት ቃል። መላክ ግን… ሰውየውን በቅዳሜ ምሽቱ ማጨናነቅ አይሆንም? አሁን እረፍት ላይ ቢሆንስ? ቤተሰቡ ጋ ቢሆንስ?

ከመሃላችሁ በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ብሎ የሚያውቅ አበሻ ካለ፣ እስቲ እንዴት እንደሚባል ያስተምረኝ። የምሬን ነው።

ቆይ፣ እትዬ አስቴር በሩን እያንኳኳች ነው። «ትዕግስት፣ ነይ እራት ብዪ።»

«በልቻለሁ እትዬ፣ በቃኝ።»

ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ያኮ ሲጎርስ እንኳ ከሀፍረቴ ዳር ቆሜ ነበር።

ግድ የለም። እሷ ደግማ ትጠይቃለች።