ጡረታ የማይወጡት የዳገቱ ሹም

በዚህ ዓለም ላይ ጡረታ ወጥቶም ሥራ የማይፈታ ሰው ቢኖር የደን መሥሪያ ቤት ሰው ነው። አስተማሪ ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ ሾፌር ቁልፉን ያስረክባል፤ የደን ሰው ግን ዛፍ ባየ ቁጥር ሥራ ይገባል። እናንተም ሰፈር አንድ አይጠፋም። የእኛው ክቡርነታቸው ጋሽ ፈቃድ ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ቅርንጫፍ በተቆረጠ ቁጥር «ማን ፈቀደ?» እያሉ ከተፍ ይላሉ።

ጋሽ ፈቃድ የመሥሪያ ቤታቸውን ታሪክ ማንም ሳይጠይቃቸው ያወራሉ። መጀመሪያ በግብርናው መሥሪያ ቤት ጓሮ አንዲት ክፍል ነበር። ከዚያ መምሪያ፣ ከዚያ ባለሥልጣን፣ ከዚያ ኮርፖሬሽን፣ ከዚያ ተመልሶ መምሪያ፣ በመጨረሻ ኤጀንሲ ሆነ። «የበሩ ሰሌዳ አምስት ጊዜ ተቀየረ፤ ችግኙ ግን የሚጠጣው ያንኑ ውኃ ነው» ይላሉ።

ማለዳ ሜትራቸውን ይዘው ይወጣሉ። የዛፍ ውፍረት የሚለካው በደረት ትክክል ነው፤ ደረቱ ደግሞ የእሳቸው ነው። ስለዚህ እሳቸው እየጎበጡ በሄዱ ቁጥር ሜትሩ ወደ ወፍራሙ የግንዱ ታች እየወረደ፣ የሰፈራችን ዛፎች በመዝገባቸው ላይ ወፈሩ። እድገቱ በጣም አስደስቷቸዋል። አንድ ቀንማ በልማድ የመብራት እንጨት ለክተው «ጤንነቱ አጠራጣሪ» ብለው መዝግበዋል።

እኔና እሳቸውን ያጣላን ከቤታችን ጀርባ ያለው ዳገት ነው። የእናቴ ክፍል ከሥሩ ነው፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ስላለ ፀሐይ አያገኝም። እናቴን ደግሞ ብርድ ጉልበቷን ይዟታል። ጎረቤት አስተባብሬ ዛፉ ይቆረጥልን ብዬ ለኤጀንሲው አመለከትኩ።

«ልጄ፣ የዳገት ዛፍ የሚፈለገው ለሥሩ ነው» አሉኝ ጋሽ ፈቃድ።

«እንግዲያው ሥሩን እንተውልዎትና ከላይ ያለውን እንቁረጥ» አልኳቸው።

ሦስት ወር ሰላምታ ነሱኝ። ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም፤ ማመልከቻዬ ውድቅ እስኪደረግ ድረስ በየቀኑ የድሮ መሥሪያ ቤታቸው ኮሪደር ላይ ተገትረው ዋሉ። እኔም እናቴን ጨለማ ውስጥ ያስቀመጡ ሰው እያልኩ በየሄድኩበት አማኋቸው።

ክረምቱ ገባና ሦስት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ከእኛ ቀጥሎ ያለው ዛፉ የተመነጠረ ዳገት ተንዶ ሁለት መጋዘን ቀበረ። ደግነቱ ሰው አልነበረባቸውም። የእኛው ዳገት ንቅንቅ አላለም። በሩን በርግጄ ስገባ እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች።

በቀጥታ ወደ ጋሽ ፈቃድ ሄድኩ። «ይቅር ይበሉኝ፤ እናቴን አተረፉልኝ» አልኳቸው።

«ምስጋናው ለእኔ አይደለም» ብለው ከአልጋቸው ሥር አንድ ያረጀ ፋይል አወጡ። መሥሪያ ቤቱ ስም ሲቀይር ሊጣል ሲል ያተረፉት የዳገቱ የተከላ ዕቅድ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ እዚህ ቦታ አንድም ቤት ሳይሠራ በጽሕፈት መኪና የተጻፈ። «ዓላማ» ከሚለው ሥር አንድ መስመር አለ፦ «ወደፊት ከዳገቱ ሥር ሰው ቢሰፍር አፈር እንዳይናድበት።»

ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ አቅፌ ብዙ ቆየሁ። ያን ዕቅድ የጻፉት ሰዎች «ሰው» ያሉት እናቴን ነው።