የእማዬ አንባቢ

እኔ በዕድሜዬ አስራ አንድ ነፍሰ ገዳይ ይዣለሁ። አትደንግጡ፣ በወረቀት ላይ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ። ጉራጌ ለንግድ አገር ላገር ቢዞር ማን ይገረማል? እኔ ግን የዞርኩት ወንጀል ፍለጋ ነው። ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ውያለሁ፤ ኢስታንቡልና ሙምባይ ፍርድ ቤት ገብቼ የማላውቀውን ቋንቋ አዳምጫለሁ። እማዬ ይሄን ስትሰማ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» ትለኛለች።

እማዬ የምትኖረው ጉራጌ አገር፣ ጉንችሬ ነው። ማንበብ አትችልም። መጽሐፍ ባወጣሁ ቁጥር እልክላታለሁ፤ ጎረቤቷ ደግፌ እንሰቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያነብላታል። እግዜር ይስጠው፣ ከእኔ ይልቅ ልጅ የሆናት እሱ ነው እል ነበር። መጽሐፉ ሲያልቅ በእሱ ስልክ ትደውልልኛለች።

«ገዳዩ ተያዘ አይደል?»

«ተያዘ፣ እማዬ።»

«የእኛስ?»

የእኛ የምትለው ታናሽ ወንድሜን ጉንችሬ መግቢያ ላይ ገጭቶ የጠፋውን ባለሞተር ነው። ማን እንደሆነ ያየ የለም። መጻፍ የጀመርኩትም በዚያ ንዴት ነው። ስንት ጎበዝ መርማሪ ፈጥሬ የገዛ ወንድሜን ገዳይ አጣሁት። «የእኛስ?» ባለችኝ ቁጥር አፍር ነበር። እውነቴን ነው፣ ስልኩን ዘግቼ ያለቀስኩበት ጊዜ አለ።

ዘንድሮ ለመስቀል አገሬ ገባሁ። በእኛ ዘንድ ቂም ይዞ መስቀል አይበላም። ስለዚህ ሽማግሌዎች ከበዓሉ በፊት ይቀመጣሉ፣ የተጣላ ይታረቃል። እንደ ወጉ ተቀመጡ። ማንም ሳይጠራው ደግፌ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ መጣና እማዬ እግር ስር ተንበረከከ።

«የገጨሁት እኔ ነኝ። ፈርቼ ሮጥኩ» አለ።

ደሜ ፈላ። ብድግ ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድንጋዩን ከአንገቱ ላይ አነሳችለት።

ቤት ስንገባ፣ ለምን እንዳልደነገጠች ጠየቅኳት።

«ከሦስተኛው መጽሐፍህ ጀምሮ አውቃለሁ። ገዳዩ የሚያዝበት ጋ ሲደርስ ድምፁ ይቆረጣል፤ ውሃ ስጪኝ ይላል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ወይ ትገድለዋለህ፣ ወይ ትጽፈዋለህ። ገዳዩ በገዛ አፉ ያላመነው ደም መች ይታረቃል?»

ተናደድኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት «የእኛስ?» እያለች ስታሳቅቀኝ መኖሯ ነው የከነከነኝ። እያወቅሽ ለምን ትጠይቂኝ ነበር አልኳት።

«አንተን መች ጠየቅሁ?» አለች። «እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።»