የቀበሮዋ ገንፎ

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ የምትኖሩ፣ የታጠራችሁም ያልታጠራችሁም፣ ቆማችሁ አድምጡ! የሁለት መቶ ካሬ ሜትር ጌታ፣ የቆርቆሮ አጥር ባለቤት፣ የሰፈሩ የመንገድ መብራት ኮሚቴ ተለዋጭ አባል (መንገዱም መብራቱም ገና ነው)፣ ክቡር ኪዳነወልድ፣ በጓሯቸው በብሎኬት ክምር ሥር ከአራት ቡችሎቿ ጋር በሰፈረችው ቀበሮ ላይ ዘመቻ መክፈታቸውን ያስታውቃሉ። ዘመቻው ዛሬ ዐሥራ ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። እስካሁን በቀበሮዋ በኩል የደረሰ ጉዳት የለም።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የኪዳነወልድ ሚስት ሰብለወርቅ ከወለደች ወር ሆኗታል፤ የምትታረሰው ሽሮ ሜዳ፣ እናቷ ቤት ነው። “ቀበሮ ባለበት ግቢ ልጄን ይዤ አልገባም” ብላለች። እናትዮዋ ወይዘሮ ወርቅውሃ ደግሞ “ድሮስ ሱሉልታ ሰው ይኖራል ሲሉ መች አመንኩ” ብለው ለሕፃኑ ሁለተኛ አልጋ ገዝተዋል። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱም ይመጣሉ። ቀበሮዋ ካለች በመጡበት መኪና ይመለሳሉ፤ እስከ መቼ እንደሆነ የሚያውቁት ወይዘሮ ወርቅውሃ ብቻ ናቸው።

አሁን ስምንት ሰዓት ነው። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። ኪዳነወልድ ከሌሊት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ጓሮው ውስጥ ቆሞ ቀበሮዋን ሊያጠምድበት ስላሰበው ምግብ ከጎረቤቱ ከዲሪርሳ ጋር ይጨቃጨቃል። ዲሪርሳ ከአጥሩ ማዶ ያለው የሣር ማሳ ባለቤት ነው፤ እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ። ከመናገሩ በፊት ጥቂት የማሰብ ልማድ አለው። ኪዳነወልድ ይህን ያየ ዕለት “ምስኪን፣ ነገር አይገባውም” ብሎ ደምድሟል።

ዲሪርሳ፦ አትበላም።

ኪዳነወልድ፦ ትበላለች!

ዲሪርሳ፦ ሽሮ?

ኪዳነወልድ፦ ሽሮ። ደግሞ ተራ ሽሮ እንዳይመስልህ። ምጥን ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ አልጎደለም። ለሰው የሚቀርብ ሽሮ ነው።

ዲሪርሳ፦ ለሰው ነዋ።

ኪዳነወልድ፦ ያላነበብከውን ነገር አትከራከር። ቴሌግራም ላይ “ቀበሮ ሁሉን ትበላለች” ይላል። ሁሉን! ሽሮ ከሁሉ ውጭ ነው?

ዲሪርሳ፦ ሥጋ ብታቀርብላትስ?

ኪዳነወልድ፦ በሁዳዴ? ሥጋ ቤቱ ከቅበላ ማግስት ጀምሮ ዝግ ነው። ቢከፈትስ፣ እኔ አንጀቴ ታጥፎ እየጾምኩ ለቀበሮ ጥሬ ሥጋ ልቆርጥ? ሰው ምን ይለኛል?

ዲሪርሳ፦ የት ያለ ሰው?

ኪዳነወልድ፦ አንተ አለህ።

ዲሪርሳ፦ እኔ ምንም አልልም።

ኪዳነወልድ፦ እሱንማ አየሁት! ዐሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አጥር ተደግፈህ ምንም አላልክም።

ዲሪርሳ፦ ልናገር ስል እኮ አንተ...

ኪዳነወልድ፦ ጨርሰሃል? በል ሣጥኑን ያዝልኝ።

(ሣጥኑን ይጎትታሉ። ቡራዩ ያለ ኩምሳ የሚባል በያጅ የሠራው ፍርግርግ የብረት ሣጥን ነው። ጥጃ ያቆማል።)

ዲሪርሳ፦ ኪዳኔ፣ ይቺ ጄዳላ፣ ቀበሮዋ፣ እኮ ከጉልበትህ አትበልጥም። ይሄ ምንድን ነው?

ኪዳነወልድ፦ መጠኑ ከቴሌግራም ነው። “ርዝመቱ አራት ጫማ” ይላል። ጫማ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። የኔ አርባ ሁለት ነው፤ የኩምሳ አርባ አምስት። ስለዚህ ጭቅጭቁ ይቅር ብዬ አራት ክንድ አደረግኩት።

ዲሪርሳ፦ የማን ክንድ?

ኪዳነወልድ፦ የኩምሳ።

ዲሪርሳ፦ (አንገቱን እየነቀነቀ) ኤዬ። ቁልፉስ?

ኪዳነወልድ፦ ቁልፍ የለውም! እዚህ ላይ ነው ጭንቅላቴ የሠራው። ቁልፍ ያለው ነገር ሁሉ ይከፈታል። የዚህ በር አንዴ ከወደቀ ወደቀ ነው። ነገ ኩምሳ ብረት መቁረጫውን ይዞ ይመጣል፤ እንጦጦ ጫካ እንወስዳታለን፣ ሣጥኑን እንቆርጣለን፣ ትሄዳለች።

ዲሪርሳ፦ እንደ ራዲዮኑ እንዳይሆን ብቻ።

ኪዳነወልድ፦ ራዲዮኑ ምን ሆነ? ቀበሮ የሰው ድምፅ ትፈራለች ተብሎ ነው የከፈትኩት።

ዲሪርሳ፦ ቡችሎቹ ለመዱት። የስፖርቱ ፕሮግራም ሲያልቅ ያለቅሳሉ።

ኪዳነወልድ፦ እሺ ካልሲውስ? የሰው ሽታ ያባርራታል ብዬ ስምንት ጥንድ ያልታጠበ ካልሲ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርድሬ አልነበረም? ዛሬ አንድም የለም። ሽታው ገፍቷት ነው።

ዲሪርሳ፦ ወደ ውስጥ አስገባችው። አንጥፋ ቡችሎቿን አስተኛችበት።

ኪዳነወልድ፦ (ጫማው ውስጥ ባዶውን የቀረውን እግሩን እያየ) ሌባ!

ዲሪርሳ፦ ደግሞ ትናንት ጠዋት ስታሯሩጣት፣ በማሳው ላይ የሚለማመዱት ሯጮች አሠልጣኝ መስለሃቸው እስከ አስፋልቱ ተከተሉህ።

ኪዳነወልድ፦ አንዱ “አሯሯጥህ ጥሩ ነው” ብሎኛል፤ ይህን ለምን አትናገርም? በል አሁን ሽ... መጣች!

(ቀበሮዋ ከብሎኬቱ ሥር ብቅ አለች። ሣጥኑ ደጃፍ ላይ ለማማለያ የፈሰሰውን ሽሮ አሸተተችው። ኪዳነወልድን አየችው። ከዚያ ዞራ በኋላ እግሯ አፈር አለበሰችውና ተመልሳ ገባች።)

ኪዳነወልድ፦ ምን ማለቷ ነው?

ዲሪርሳ፦ ቀበረችው።

ኪዳነወልድ፦ እህልን? የጾም ምግብን? ይቺ አውሬ ሃይማኖት የላትም!

ዲሪርሳ፦ ቢኖራትም አትጾምም። አራስ እኮ ናት።

(ኪዳነወልድ አፉን ከፍቶ ቀረ። የሆነ ነገር በራለት። እንዲህ ሲበራለት ፊቱ የሚይዘውን መልክ ሰብለወርቅ ብታይ ኖሮ ገና ሽሮ ሜዳ ሳለች ትጮኽ ነበር።)

ኪዳነወልድ፦ አራስ! አራስ ምን ትበላለች?

ዲሪርሳ፦ ያገኘችውን።

ኪዳነወልድ፦ ገንፎ ነዋ! ደነዝ! ገንፎ ትበላለች፣ በቅቤ! (ወደ ወጥ ቤት ሮጠ፤ ክዳን ያለው ትልቅ ሳህን ተሸክሞ ተመለሰ) ጠዋት ራሴ ነኝ ያገነፋሁት። ክንዴ እስኪዝል! ቅቤው ሲንጣጣ ጣቴን እንኳ አልላስኩም።

ዲሪርሳ፦ ይሄማ የሰብለ ነው።

ኪዳነወልድ፦ ነው።

ዲሪርሳ፦ ዛሬ ስትመጣ ልትበላው።

ኪዳነወልድ፦ ተከተለኝማ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነግርህ። ሰብለ ገንፎውን የምትበላው ቤት ከገባች ነው። ቤት የምትገባው ቀበሮዋ ከወጣች ነው። ቀበሮዋ የምትወጣው ገንፎውን ከበላች ነው። ስለዚህ ሰብለ ገንፎዋን እንድትበላ ከተፈለገ ገንፎውን ቀበሮዋ መብላት አለባት። ገባህ?

ዲሪርሳ፦ (ሳህኑንና ጉድጓዱን እያፈራረቀ አይቶ) አልገባኝም።

ኪዳነወልድ፦ አውቄዋለሁ። በል ሰዓት ሄደ፤ ሳህኑ ጥግ ላይ ካለው ከዚያ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይቀመጣል፤ ብረቱ ሲነካ በሩ ይወርዳል።

ዲሪርሳ፦ በረጅም እንጨት ገፋ አድርገህ...

ኪዳነወልድ፦ ጨርሰሃል? እንጨት የሚፈልገው የማያውቅ ሰው ነው።

ዲሪርሳ፦ እሺ፤ እኔ ግን በሩ እንዴት እንደሚዘጋ አልገባኝም።

ኪዳነወልድ፦ ብረቱ ሲነካ አልኩህ!

ዲሪርሳ፦ ማን ሲነካው?

ኪዳነወልድ፦ ቀበሮዋ!

ዲሪርሳ፦ እንዴት አድርጋ?

ኪዳነወልድ፦ ኡፍፍ! ሥዕል ካላየህ አይገባህም ማለት ነው። እየኝ። አሁን እኔ ቀበሮ ነኝ። (ሳህኑን ይዞ በጉልበቱ እየዳኸ ገባ) ራበኝ። አራስ ነኝ። ገንፎ ሸተተኝ። እንዲህ እጠጋለሁ፣ እንዲህ እጄን ልኬ...

(ጧ! በሩ ወረደ። ኪዳነወልድ ደንግጦ በግንባሩ ተደፋ። መሬት አላገኘውም፤ ያገኘው ገንፎው መሐል ያለው የቅቤ ጉድጓድ ነው።)

ዲሪርሳ፦ አሁን ገባኝ።

ኪዳነወልድ፦ (ጢሙ እየተንጠባጠበ) ክፈትልኝ! ኡኡ! ዲሪርሳ! ኩምሳ ጋ ደውል! ኡኡ!

ዲሪርሳ፦ ደወልኩ፤ አያነሳም። ማሎ ኪዳኔ፣ እባክህ ዝም በል። አንገቷን አወጣች።

ኪዳነወልድ፦ ማን?

ዲሪርሳ፦ ባለቤቲቱ። የጉድጓዱ። ድምፅ ካሰማህ ትመለሳለች፤ ሰብለም ትመለሳለች።

(ኪዳነወልድ ዝም አለ። ሊናገር ሦስት ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ሦስት ጊዜ ዘጋው። በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ጓሮው እንዲህ ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ነው። ቀበሮዋ ወጣች፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠውን ነገርዬ አየች፤ የሚያሰጋ ሆኖ አላገኘችውም። ገብታ አንድ ቡችላ በማጅራቱ አንጠልጥላ በአጥሩ ሥር ወደ ማሳው ሾለከች። ተመለሰች።)

ዲሪርሳ፦ (በሹክሹክታ) ሁለት።

(ተመለሰች።)

ዲሪርሳ፦ ሦስት።

(በመጨረሻ የወጣው ቡችላ ግራጫ ካልሲ ነክሷል። ኪዳነወልድ ካልሲውን አወቀው። እንባው መጣ፤ ግን ዋጠው።)

ዲሪርሳ፦ አራት። አለቀ።

(የውጭው በር ተንኳኳ። ዲሪርሳ ሄዶ ከፈተ። ሰብለወርቅ ቀድማ ገባች፤ ወይዘሮ ወርቅውሃ ሕፃኑን ታቅፈው፣ አንድ እግራቸውን አስገብተው አንዱን ውጭ ትተው ቆሙ።)

ሰብለወርቅ፦ አካም ኦልቴ ዲሪርሳ?

ዲሪርሳ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሰብለ።

ሰብለወርቅ፦ ቀበሮዋስ? እውነቱን ንገረኝ፤ እማዬ ሹፌሩን ሞተር አታጥፋ ብላዋለች።

ዲሪርሳ፦ ሄደች። ልጆቿንም ወሰደች።

ኪዳነወልድ፦ (ከጓሮ) እኔ ነኝ ያስወጣኋት! በዘዴ!

(ሰብለወርቅ በድምፁ ተመርታ ጓሮ ደረሰች። ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችው።)

ሰብለወርቅ፦ ኪዳኔ፣ ጢምህ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ኪዳነወልድ፦ የቱ?

ሰብለወርቅ፦ ቅቤ ነው።

ኪዳነወልድ፦ ወድቄበት ነው።

ሰብለወርቅ፦ በሁዳዴ! የአራስ ገንፎ! ለዚያውም ብረት ውስጥ ተቆልፈህ፣ ማንም እንዳይሻማህ?

ኪዳነወልድ፦ አልበላሁም! ዲሪርሳ፣ መስክር! እኔ እኮ ቀበሮ ሆኜ ነበር።

ሰብለወርቅ፦ እማዬ ይህን እንዳትሰማ። (ወደ ዲሪርሳ ዞራ) ቀበሮዋ እንዴት ወጣች?

ዲሪርሳ፦ አራስ ጫጫታ አትወድም። መሄድማ የፈለገችው ገና የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ግን ይሄ ሰውዬ ቀን ይጮኻል፣ ማታ ባትሪ ያበራል፣ ልጆቿን ይዛ በየት ትውጣ? ሩብ ሰዓት ዝም ሲላት ወጣች።

ኪዳነወልድ፦ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ዲሪርሳ፦ በጀመርኩ ቁጥር “ጨርሰሃል” ትለኛለህ። እኔ ደግሞ ለመጨረስ ጊዜ እወስዳለሁ።

ሰብለወርቅ፦ ቆይ፣ እሱ ራሱ ለምን ገባ?

ዲሪርሳ፦ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ አልገባኝም አልኩት። ሊያሳየኝ ገባ።

ሰብለወርቅ፦ እውነት አልገባህም ነበር?

ዲሪርሳ፦ (ጥቂት አስቦ) አባቴ የጅብ ወጥመድ ሠሪ ነበር። እኔም አብሬው ስሠራ ነው ያደግኩት።

(ሰብለወርቅ ሻሿን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።)

ሰብለወርቅ፦ እማዬ! ግቢ፤ ጓሮው ጸድቷል። ሹፌሩንም ሞተር አጥፋ በይው፤ አልመለስም።

ኪዳነወልድ፦ እሰይ! በሉ አሁን ከመንደር መቁረጫ ፈልጉልኝ።

ሰብለወርቅ፦ መቁረጫ ይጮኻል። ልጁ አሁን ነው የተኛው።

ኪዳነወልድ፦ እና?

ሰብለወርቅ፦ እና ሽ...

(ሄደች። ዲሪርሳም ለከብቶቹ ውኃ ሊያጠጣ ሄደ። ኪዳነወልድ ከቀዘቀዘው ገንፎ ጋር ፊት ለፊት ተፋጧል፤ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ደርሷል፣ ፊቱ ያለው ግን ቅቤ ነው።)

አንባቢ ሆይ! ይህ እስከሚጻፍ ድረስ የኩምሳ ስልክ አልተነሳም። እንግዲህ በጎጃም መንገድ የምታልፍ ከሆነና የማይጮኽ ብረት መቁረጫ ካለህ፣ ጎራ በል፤ በቀስታ አንኳኳ፤ መቁረጫውን ለዲሪርሳ አቀብል። አንድ ነገር ብቻ አደራ እልሃለሁ፤ አንተም የማታውቀው ነገር እንደሌለ ስለማውቅ ነው። እባክህን “ይሄማ ከውስጥ በኩል ነው የሚከፈተው፣ ቆይ ላሳያችሁ” ብለህ፣ በፍርግርጉ ቀዳዳ አንገትህን እንዳታስገባ።