«እስቲ ጥጥ አምጡልኝ!»

ሥራውን ተሸክሞ ሰው ቤት የሚገባ ዘመድ የሌለው ካለ እጁን ያውጣ! ሐኪም ዘመድ ያለው ምላሱን ሲያሳይ ይኖራል፤ አስተማሪ ያለው ሲታረም ይኖራል። እኔ ግን ምን በድዬ ነው የሚያቃጥል የደረሰኝ?

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ክቡር ጋሼ ክብሪት። ፕላስቲክ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ እሳት የሚቋቋም የሶኬት ክዳን ለመሥራት ይታገላሉ። ሲሊካ የሚባል፣ የአሸዋ ዘመድ የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ከፕላስቲክ ጋር ይለውሳሉ። እሳት ሲነካው ብናኙ ላዩ ላይ ቅርፊት ሠርቶ ሙቀቱን ያግዳል ይላሉ። ለፈተናው ከሥር ጥጥ ይነጠፋል፤ ክዳኑ ቀልጦ ጥጡን ካቀጣጠለ ወደቀ ማለት ነው።

ጣጣው ፈተናው እኛ ቤትም መቀጠሉ ነው። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ «እስቲ ጥጥ አምጡልኝ!» ይላሉ። የልጄን ማበጠሪያ፣ የእኔን የጥርስ ብሩሽ፣ የሪሞቱን ክዳን ለኩሰዋል። አንድ እንግዳማ እስክሪብቶውን ያተረፈው ሮጦ ነው። ከዚያ እንደ ዳኛ ብድግ ብለው «ይንጠባጠባል!» ብለው ይፈርዳሉ። ዕቃዬ መቃጠሉ ሳያንስ፣ እንደ ጥፋተኛ የሚያዩት እኔን ነው!

አንድ ቀን ግን ክብሪት ሳያወጡ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። ባለቤቴ ደነገጠች።

«ወንድምዬ፣ አመመህ እንዴ?»

«ሦስቴ ወደቀብኝ። ነገም ከተንጠባጠበ ሥራ አስኪያጁ ሙከራውን ዘግቶ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይመልሰኛል። ዐሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበት፣ እህቴ!»

አንጀቴን በሉት። ባለቤቴ ልታጽናናቸው ብላ፣ ሾርባ የምታወፍርበትን ዱቄት እንዲበጠብጡላት ሰጠቻቸው። እሳቸው ሆዬ ሙሉውን ባንዴ ገለበጡት።

«ኧረ ጉድ! ጓጎለ እኮ! በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነስክ አማስለው እንጂ!»

ጋሼ ማንኪያውን እንደያዙ ቀሩ። «ብናኙንም… ባንዴ ነው እኮ የምገለብጠው! እዚህ ይከመራል፣ እዚያ ባዶ ይሆናል፤ የሚቀልጠው ባዶው ነው!» ሾርባውን ትተው፣ የእኔን ጫማ አጥልቀው እብስ አሉ።

በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ሦስታችንም ተሻማንበት።

«ጥጡ…» አሉ ጋሼ። «ጥጡ ነጭ ነው! እንደተነጠፈ ነው!»

ባለቤቴ እልል አለች፤ እኔም የጫማዬን ነገር ረስቼ ጨፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ሹም ሆኑ፤ ይባስ ብለው ጨዋ ሆኑ። ይመጣሉ፣ ጤናችንን ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። ማበጠሪያችን ደኅና፣ ብሩሻችን ደኅና፤ ቤቱ ግን ጭር አለ። ሰው የሚያቃጥለውን ይናፍቃል? እኔ ናፈቅኩ፤ ምን ላድርግ!

ባለፈው እሑድ ቀይ ማበጠሪያ ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ ጥጥ አነጠፍኩና ክብሪቱን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።»

ፊታቸው ፈካ። ጫሩ። ማበጠሪያው ተልፈሰፈሰ፣ ጠብ አለ፣ ጥጡ ቦግ!

«ይንጠባጠባል!»

ከዚያ ዞር ብለው እንደ ጥፋተኛ አፈጠጡብኝ። እንዴት ደስ አለኝ!