የምጽዋዋ ዓሣ በቃሬዛ

ዕቃ የሚሸከም ጎረቤት በልመናም አይገኝም፤ ዕቃ ሲነሳ የሚያዝዝ ጎረቤት ግን ሳይጠሩት ከች ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ እስካሁን አልተቆረቆረም። ቢቆረቆርም ነዋሪው ገብቶ ሳያበቃ ይሄው ሰው በር ላይ ቆሞ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» ማለቱ አይቀርም።

የነቀምቴው አቶ ዋቅወያ ይባላሉ። ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ከቤተ መንግሥት ሹመት ሳይጠብቁ ራሳቸው ለራሳቸው የሰጡት የዕቃ ማዛወር ፊታውራሪነት ነው። የአልጋ ራስጌ በመንገድ ሲያልፍ ካዩ፣ የደንበኛ ሱሪ በአንድ እግሩ ስፌት መኪናው ላይ እንደተንጠለጠለ ትተውት ይነሳሉ። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ይደርሱና፣ ዕቃውን አንዴ ዞረው አይተው፣ «ይሄማ ያለቀ ነገር ነው» ይላሉ። ይህን የሰማ ባለ ንብረት ንብረቱን ቢሰናበት ይሻለዋል።

የወይዘሮ ዘርፈሽ ቡፌ በበር አልወጣ ሲል «ያለቀ ነገር ነው» ብለው በሩን አስነቀሉ፣ ቀጥለው መቃኑን አስነቀሉ። ቡፌው ወጣ፤ ግድግዳውም ተከትሎት ወጣ። የአቶ ገቢሳን ቀፎ ደግሞ «ንብ ፀሐይ ሲሞቃት ትፈዛለች» ብለው በቀትር አስነሱት። ሰፈሩ እስኪመሽ በሩን ዘግቶ ዋለ። እሳቸው አንድ ዓይናቸው አብጦ እንኳ «ጥፋቱ የንቦቹ ነው፣ ምክር አይሰሙም» ከማለት አልተመለሱም።

አሰፋች ይህን ሁሉ ሰምታለች። ስለዚህ ቤቷን ወደ ጨለለቂ ሰፈር በምትቀይርበት ጠዋት፣ ያ ሜትር በአጥሩ በር ብቅ ሲል ልቧ ስንጥቅ አለ።

እሷ የምጽዋ ልጅ ናት፤ አባቷ ወደብ ላይ ይሠራሉ። መሸሻ የሚባል የስልክ መሥመር ሠራተኛ አግብታ ወለጋ ስትመጣ፣ አንድ ክንድ የምታህል የመስታወት ሣጥን፣ በደምጃን የተቀዳ የባሕር ውሃና ትንንሽ ዓሦች ይዛ ነበር። መንገዱና ብርዱ ዓሦቹን ጨርሰው አንዲት ብቻ ቀረች፤ ጣት የምታክል፣ ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያላት። ኦሮምኛ ገና ላልገባት፣ ቤቷን አንኳኩቶ የሚገባ ወዳጅ ላላፈራች ሴት ይህች ዓሣ ዘመድ ነበረች። ፋኖስ አጠገብ አስቀምጣ ታሞቃታለች፣ በብስክሌት መንፊያና በቀጭን የጎማ ቱቦ አየር ትነፋላታለች፣ የሆዷን ታወራታለች። አሁን መሸሻ ለመሥመር ጥገና ግምቢ ሄዷል፤ አከራዩ ደግሞ ቤቴን ልቀቁ ብሎ ቆሟል። ይህችም ከሞተች ሌላ የለም፤ ባሕሩ ሩቅ ነው።

«አካም ቡልተን፣ አደ አሰፋች!» እንዴት አደሩ ብለው ሳያበቁ አቶ ዋቅወያ ሣጥኑን ዞረው አዩት። «ይሄማ ያለቀ ነገር ነው። ውሃውን እዚሁ እንደፋዋለን፤ እዚያ ከምንጭ እንቀዳላታለን።»

«ኧረ በማርያም! የጨው ውሃ ካልሆነ ትሞታለች!»

«ጨው? እንግዲያው ከሆራ እናስመጣላታለን! ከብቱ ሁሉ ያንን ጨዋማ ምንጭ ጠጥቶ አይደል እንዴ የሚሰባው?»

«ከብት አይደለችም፣ ኦቦ ዋቅወያ!» እንባዋ መጣ። «ያለኝ የባሕር ውሃ ይሄው ብቻ ነው። መኪና ላይ ብጭነው መንገዱ አንገጫግጮ ይደፋብኛል። ልሸከመው ብል አልችለውም።»

አቶ ዋቅወያ እንባዋን ሲያዩ ሣጥኑን ደግመው ዞሩት። ሰፈሩ እሳቸው አንድን ዕቃ ሁለቴ ሲያዩ አይቶ አያውቅም። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ፤

«ምጥ የያዛት ሴት ከጉቴ ገጠር እስከ ሆስፒታል በምን ትመጣለች?»

«በቃሬዛ።»

«አለቀ!»

ሐሳቡ ደኅና ሐሳብ ነበር፤ አሰፋችን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ከሰፈሩ ቃሬዛ ተዋሱና ሣጥኑን አወጡበት፤ የቀረው ዕቃ በመኪና ቀደመ። ዓሣዋን ብርድ እንዳይመታት ሣጥኑን ነጭ ጋቢ አለበሱት። አራት ጎረምሶች ተሸከሙ፤ አቶ ዋቅወያ በጎን ሆነው ቱቦውን በጋቢው ሥር አሾልከው መንፊያውን እየገፉ «ሱታ! ሱታ!» ይላሉ። ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። አሰፋች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከኋላ ተከተለች።

እንግዲህ በወለጋ ቃሬዛ ያየ ሰው መጀመሪያ ትከሻውን ይሰጣል፤ የሚጠይቀው ኋላ ነው። ገበያተኛው ጆንያውን እያወረደ፣ ባርኔጣውን እያወለቀ ተሸካሚዎቹን ይተካ ጀመር። «ዋቅኒ ሃ ኦልቹ» ይላል አንዱ፣ አምላክ ያትርፋት እያለ። ሴቶቹም የአሰፋችን የቀላ ዓይን አይተው ግራና ቀኝ ደገፏት። ድርቤ የምትባል ቅቤ ነጋዴ ቅቤዋን ለሰው አደራ ብላ አብራት ሄደች።

«ዓሣ ናት» አለቻት አሰፋች፣ ነገሩ ሲከብዳት።

«አይዞሽ እህቴ» አለች ድርቤ፤ ይበልጥ አቀፈቻትና ወደ ጎረቤቷ ዞራ «ሐዘን ያስቀባጥራል» አለች።

ጨለለቂ ሲደርሱ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲተላለፍ አንዴም ሳይናወጥ መጥቷል፤ እንዲህ ያለ ጉዞ መኳንንቱም አላገኙ። አዲሱ ቤት ውስጥ አወረዱት። ዋጋሪ የሚባሉ ሽማግሌ ጸሎት ጀመሩ። አቶ ዋቅወያ ጋቢውን ገለጡ።

ዓሣዋ የለችም። ውሃ፣ አሸዋና አንድ ድንጋይ ብቻ ይታያል። አሰፋች መስታወቱ ላይ ተደፋች። አቶ ዋቅወያ መንፊያውን ይዘው ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ያለቀ ነገር ነው አላሉም።

ድንጋዩ ሥር ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ። ዓሣዋ ብቅ አለች፣ ሕዝቡን በአንድ ዓይኗ ገረመመችና መስታወቱን እየታከከች ትዞር ጀመር።

«ትከሻዬን የሰጠሁት ለዚህች ነው?» አሉ አቶ ዋጋሪ።

ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቆይተው ደግሞ አዩ። «ድናለች?»

«ድናለች» አለች አሰፋች እያለቀሰች።

«እንኳን ማረሽ!» አሏት ሽማግሌው ዓሣዋን።

መጀመሪያ የሳቀችው ድርቤ ናት፤ ከዚያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የመጣ ሰው ሳያግዝ አይመለስም ተብሎ አልጋውንም የልብስ ሣጥኑንም ከመኪናው አውርደው አስገቡላት፣ ከየጎረቤቱ ቆሎና እርጎ መጣ። የድሮ ደጃፏን ለወራት ማንም አልረገጠውም፤ አዲሱ ዛሬ መቆሚያ ጠፋበት። ደስታዋን የምትሸሽግበትም አጣች።

ሰዉ ከፊሉ ወደ ግቢ ሲወጣ አቶ ዋቅወያ ወደኋላ ቀሩ። ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አደ አሰፋች… ባሕር ምን ያህላል?» አሉ።

የሚያውቋቸው ሁሉ ይህን ጥያቄ ከእሳቸው አፍ ወጣ ብትል አያምኗትም። እሷም በሹክሹክታ መለሰች፤ «ማዶ የለውም። ቆመው ያያሉ፣ ያያሉ፤ ከዚያ ሰማይ ነው።»

«ማዶ የለውም…» አሉ ለራሳቸው።

ወዲያው አቶ ዋጋሪ ከደጅ ተጣሩ። «ልጄ፣ ይህች ዓሣ የመጣችበት ባሕር፣ ለመሆኑ ምን ያህላል?» ሕዝቡ ወደ አሰፋች ዞረ። እሷ አቶ ዋቅወያን አየቻቸው፤ እጃቸው እስካሁን መንፊያውን አለቀቀም፣ መዳፋቸው ተልጧል።

«ኦቦ ዋቅወያን ጠይቋቸው» አለች። «እሳቸው ያውቃሉ።»

አቶ ዋቅወያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሜትራቸውን አስተካከሉ።

«ይሄማ ያለቀ ነገር ነው!» አሉ። «ማዶ የለውም! ቆመህ ታያለህ፣ ታያለህ…»

አሰፋች ወንበር አምጥታ ከኋላቸው አስጠጋችላቸው። ነገሩ ረጅም እንደሚሆን ገብቷታል።